ከአንድ ገበታ ስንበላ የትንሹ ድርሻ የት ነው?

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ እንግዳ አስቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ቀጥሎ የሚቀበለው ደግሞ ገበታው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2 ሺህ 850 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በዚህች የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ከተማ ከሰው ቤት ገብቶ ምንም ሳይቀምሱ መውጣት ነውር ነው። ከምድጃው ዳር ያለው መቀመጫ ለእንግዳው ይለቀቃል፤ ቆሎው ይቀርባል፤ ጠላው ይቀዳል። ምሳ ከደረሰም እንጀራው ይዘረጋና ሽሮው መሐል ላይ፣ የድንች አልጫው ከጎኑ ይወጣበታል። የቤቱ እመቤትም “ይብሉ እንጂ! ምነው እጅዎ ሰነፈ? በሞቴ!” እያለች ጉርሻዋን ጠቅልላ ከአፍ ታደርሳለች።

ከዚያው ገበታ ዙሪያ፣ ከእናቱ ጉልበት ሥር አንድ ሌላ ተመጋቢ አለ። ዕድሜው ገና አንድ ዓመት ተኩል ነው። እጁን ወደ ወጡ ይሰድዳል፤ በርበሬው ያቃጥለውና ፊቱን ያኮሳትራል። እናቱ ከዳር ያለውን እንጀራ ቆርሳ ታጎርሰዋለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ዶሮ አይቶ ይሮጣል። ሲመለስ ገበታው ተነስቷል። ማምሻውን አባት ወይም አያት “ልጁስ በላ?” ብለው ቢጠይቁ መልሱ በአብዛኛው ቤት አንድ ነው፤ “ከእኛ ጋር በልቷል።”

የዛሬው የጤና ዓምዳችን የሚነሳው ከዚህ መልስ ነው። በእርግጥ በልቷል? ምን ያህል? ከምኑስ?

አብሮ መብላት ራሱ ጤና ነው

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ይህ ጽሑፍ ከአንድ ገበታ አብሮ የመብላት ባህላችንን ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም። “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” የሚለው አባባል ያለ ምክንያት አልተነገረም። ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የሚበላ ልጅ ሌሎች ሲበሉ እያየ አዳዲስ ምግብ መቅመስን ይማራል፤ ተራ መጠበቅን፣ ማካፈልን፣ ማመስገንን ይለምዳል። አረጋውያንም ከሰው ጋር ሲበሉ የምግብ ፍላጎታቸው ይጨምራል።

የአካባቢው ሕዝብ ደግሞ ማካፈልን የሚያውቀው በደስታ ቀን ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ አካባቢ ያፈናቀላቸው ወገኖች ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሲገቡ፣ ራሱ ያልተረፈው ነዋሪ ያለውን ቆርሶ አካፍሏል። እንዲህ ያለ ገበታ ሊከበር ይገባዋል። ጥያቄው በዚሁ ገበታ ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ የሚበቃውን እያገኘ ነው ወይ የሚለው ነው።

አንድ ገበታ የሚሸሽገው

ከአንድ ትሪ በጋራ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ ማወቅ ያስቸግራል። ለአዋቂ ይህ ችግር የለውም፤ ሲርበው ይጨምራል፣ ሲጠግብ እጁን ያነሳል። ለሕፃን ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ጥርሱ ገና አልሞላም፤ ቀስ ብሎ ያኝካል፤ ሐሳቡ ቶሎ ይከፋፈላል። ታላላቆቹ ሦስት ጊዜ ሲጎርሱ እሱ ገና አንዱን እያላመጠ ነው። ሆዱም ትንሽ ነው። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ማዕድ ሊበላ የሚችለው አንድ የውኃ ብርጭቆ የሚሞላ ብቻ ነው ማለት ነው። ያችን ትንሽ ቦታ ቀጭን መረቅ በነካው እንጀራ ከሞላናት ሆዱ ይጠግባል፤ አካሉ ግን የሚያድግበትን አያገኝም።

ውጤቱ ወዲያው አይታይም። ልጁ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ይጫወታል። ቁመቱ ግን ለዕድሜው ከሚጠበቀው እያነሰ ይሄዳል። ባለሙያዎች ይህንን መቀንጨር ይሉታል። መቀንጨር የቁመት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ዕድገትን፣ የትምህርት አቀባበልን፣ በሽታን የመቋቋም አቅምን ይነካል። በሰፈሩ ያሉ እኩዮቹ ቁመታቸው ተመሳሳይ ከሆነ ደግሞ ችግሩን ማንም ልብ አይለውም፤ “ዘራችን አጭር ነው” ተብሎ ይታለፋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገር አቀፍ ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር። በ2019 በተካሄደው ተከታይ ጥናት የአገሩ ወደ 37፣ የክልሉ ወደ 41 በመቶ ዝቅ ብሏል። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን አሁንም ከአሥር ሕፃናት አራቱ ማለት ነው። ይኸው የ2016 ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶዎቹ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ ሲያደርግ ግቡ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማስወገድ ነው። ቃል ኪዳኑ ስሙን ያገኘው በዚሁ በአማራ ክልል ከምትገኘው ከዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ነው። ግቡ የሚሳካው ግን በየቤቱ ገበታ ዙሪያ ነው።

ድርሻውን ለይቶ ማውጣት

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ለትንሹ ልጅ የራሱ የሆነ ሣህን ይኑረው። ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ ድርሻው ግን በርበሬው ሳይበዛበት አስቀድሞ ተለይቶ ይውጣ። እናት ወይም አባት፣ አያት ወይም ታላቅ እህት ከጎኑ ተቀምጠው እያጫወቱ ያብሉት። ሲጨርስ ሣህኑን ማየት ይቻላል። ባዶ ከሆነ በልቷል፤ ግማሹ ከቀረ ግማሹን በልቷል። “ከእኛ ጋር በልቷል” የሚለው መልስ ቀርቶ የሚታይ ነገር ይመጣል።

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል። በዚህ ጊዜ ውኃም ሆነ ሌላ ነገር አያስፈልግም፤ አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስና ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ መስጠትም ሊቀር ይገባል። ስድስት ወር ሲሞላው ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል።

ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ይመገብ። በሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ብርጭቆ ይደርሳል። ከ9 እስከ 11 ወር በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ያስፈልገዋል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ደግሞ ድግግሞሹ እንዳለ ሆኖ መጠኑ ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ያድጋል። ከዘጠኝ ወር ጀምሮ በመሐሉ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መክሰስ ይጨመርለታል። እዚህ ላይ ብርጭቆ ስንል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው።

ገንፎው ወይም አጥሚቱ ወፍራም ይሁን። መለኪያው ቀላል ነው፤ በማንኪያ ተወስዶ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ የሚቆይ ከሆነ ልክ ነው። ቀጭን አጥሚት ያችን ትንሽ ሆድ በውኃ ይሞላታል።

ከደጋው ጓዳ ምን አለ?

አንዳንድ ወላጆች ለልጅ የሚስማማ ምግብ ከሱቅ የሚገዛ ይመስላቸዋል። የደባርቅና የዳባት ጓዳ ግን ባዶ አይደለም። ጤፍ የማይደፍረው ውርጭ ለገብስ ይስማማዋል። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ስንዴና ድንችም የዚሁ ደጋ ምርቶች ናቸው። ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ተልባም በየጓሮውና በየገበያው ይገኛሉ። የሚጎድለው ማዋሐዱ ነው።

ገብስ ብቻውን ኃይል ይሰጣል፤ ለሰውነት ግንባታ የሚውለው ፕሮቲኑ ግን የተሟላ አይደለም። ባቄላ በበኩሉ ገብስ የሚጎድለውን ይዟል። ሁለቱ ሲዋሐዱ አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ ለሕፃኑ ገንፎ የሚሆነው ዱቄት ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ሆኖ ቢዘጋጅ መልካም ነው። ባቄላው ተዘፍዝፎ ከተከካ፣ ገብሱም ተፈትጎ ከታመሰ በኋላ አብረው ቢፈጩ ለመፈጨትም ለሆድም ይቀላል። ከመቁላቱ ወይም ከመፍጨቱ በፊት እህሉን ማብቀል ደግሞ ሰውነት ብረትና ዚንክን በቀላሉ እንዲያገኝ ይረዳል። ለጠላ ብቅል የምታዘጋጅ እናት ዘዴውን ታውቀዋለች፤ ከዚያው ላይ ጥቂት ለልጇ ገንፎ ማድረግ አዲስ ሙያ አይጠይቃትም።

ድንች ተቀቅሎ ሲፈጭ ወተት ወይም ጥቂት ቅቤ ይግባበት። ጎመን በደንብ ተከትፎ ይቀቀል። ካሮትና ዱባ ከተገኙ ለዓይን ብርሃን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ጥሩ ፕሮቲን አለው፤ ተፈጭቶ ገንፎው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማር ግን ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ በዚያ ዕድሜ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

በሥነ ምግብ ምክር ዕድሜው ከ6 እስከ 23 ወር የሆነ ሕፃን በቀን ከስምንት የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱን ማግኘት አለበት። እነሱም የእናት ጡት፣ እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬና የቅባት እህሎች፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬዎች እንዲሁም ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬዎች ናቸው። ጡት የሚጠባ ልጅ ገብስና ባቄላ የተዋሐዱበትን ገንፎ ከበላ ሦስቱን አገኘ። እንቁላል ሲጨመር አራት፣ ጎመን ሲጨመር አምስት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት አለ። እንቁላሉና ወተቱ በብዙ ቤት ገበያ የሚወጡ ናቸው። ጨውና ዘይት፣ ሳሙናና ደብተር የሚገዛው በእነሱ ነው። ሁሉንም አትሽጡ ማለት የኑሮን ጫና አለማወቅ ይሆናል። ከሳምንቱ እንቁላል ላይ ሦስት አራቱን ለትንሹ ማስቀረት ግን ይቻላል። ገበያ ወጥቶ ከሽሮ ቤት ምሳውን የሚበላ አባትም ለልጁ ከረሜላና ብስኩት ይዞ ከመግባት በዚያው ገንዘብ ሙዝ ወይም እንቁላል ቢገዛ ስጦታው እጥፍ ይሆናል።

በጾም ቀን የሕፃኑ ድስት

በአካባቢው አብዛኛው ቤተሰብ ጾም ያከብራል፤ የጾም ቀናቱም በዓመት ውስጥ ብዙ ናቸው። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመጾም ግዴታ እንደሌለባቸው አባቶች ያስተምራሉ። ሆኖም በጾም ወቅት ሕፃኑም አብሮ የሚጾምበት ቤት አለ። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። እናቲቱ የቤተሰቡን ድስትና ጭልፋ እንዳይነካባት በመስጋት ወተትና እንቁላል ጓዳ ባታስገባ ትመርጣለች።

ለዚህም መላው ቀላል ነው። ለሕፃኑ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሣህንና አንድ ማንኪያ ለብቻ መለየት ነው። የቤተሰቡ ጾም ሳይነካ የልጁ እንቁላል ይቀቀላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ብትሆን ስለ ጾሟ ከንስሐ አባቷና ከጤና ባለሙያ ጋር ብትመካከር ይመረጣል።

መጨረሻ የምትበላው

ገበታው የሚሸሽገው ሕፃኑን ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት አስቀድመው እንግዳና አባወራ፣ ቀጥሎ ልጆች ይበላሉ፤ ያበሰለችው እናት ከምጣዱና ከድስቱ የተረፈውን ትቀምሳለች። እሷ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን የምትመገበው ለሁለት ነው። የልጁ ዕድገት የሚወሰንባቸው የመጀመሪያዎቹ 1 ሺህ ቀናት የሚቆጠሩት ከተፀነሰበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ 270ው በማሕፀን፣ 730ው ከውልደት በኋላ።

ነፍሰ ጡር ሴት በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልጋታል። በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ሳታቋርጥ ትውሰድ። ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ብረትን እንዳያገኝ ስለሚከለክሉ፣ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይሻላል። ሽሮው ላይ የሚጨመር ቲማቲም ወይም ጥቂት ሎሚ ግን ብረቱን ይበልጥ እንድታገኝ ይረዳታል። አባወራው “አንቺስ? ነይ አብረን እንብላ” ቢል፣ አማትም ምራቷን “ልጄ፣ አንቺ ቅድሚያ ብይ” ብትላት ይህም እንደ መድኃኒት ይቆጠራል።

ከፍታ፣ ውኃና ጨው

በደባርቅ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ነው። ባቄላና ድንች ከቆላው ይልቅ ለመብሰል ጊዜ የሚወስዱት ስለዚህ ነው። ባቄላውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር ማገዶም ጊዜም ይቆጥባል፤ የሆድ መነፋትንም ይቀንሳል። ለመጠጥ የሚፈላ ውኃም ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ቦታ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይመከራል።

ሌላው ጨው ነው። በደጋው አፈር ውስጥ ያለው አዮዲን በዝናብ እየታጠበ ስለሚሄድ ከዚያ አፈር የሚበቅለው እህል አዮዲን ያንሰዋል። እንቅርት በተራራማ አካባቢዎች የበረታው በዚህ ምክንያት ነው። የአዮዲን እጥረት በነፍሰ ጡሯ ላይ ሲደርስ የጽንሱን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። አገራችን ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በሕግ ያስገደደችው በ2003 ዓ.ም ነው። አዮዲን ግን በሙቀት፣ በፀሐይና በእርጥበት ይቀንሳል። ስለዚህ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ጨው መግዛት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው ርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም መጨመር ተገቢ ነው። ይህ ማለት ግን ጨው ይብዛ ማለት አይደለም፤ ጨው ሲበዛ የደም ግፊትን ይጨምራል።

ከጉርሻ በፊት እጅ

ከማዕድ በፊት እጅ የማስታጠብ ባህላችን የቆየ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሳሙናው ነው። በውኃ ብቻ የራሰ እጅ ታይፎይድንና ተቅማጥ አምጪ ጀርሞችን ከጉርሻው ጋር ያቀብላል። ተደጋጋሚ ተቅማጥ ደግሞ ልጁ የበላውን ከሰውነቱ ያወጣበታል። ከመታጠቢያው ኩስኩስት ጎን ሳሙና ይኑር፤ የሕፃኑም እጅ ይታጠብ።

መቼ ወደ ጤና ኬላ?

በየወሩ ክብደቱን ማስለካት የልጁን አካሄድ ያሳያል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ በምትለካበት ጥብጣብ ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ ልኬት ከ12 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መካከለኛ፣ ከ11 ነጥብ 5 በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። ሁለት እግሮቹ ካበጡ፣ መብላት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ተቅማጡ ካልቆመ ነገ ሳይባል በዚያው ዕለት ይወሰድ። ሕክምናው አለ፤ ቶሎ ሲጀመርም ልጁ ያገግማል።

ዛሬ ማታ በእርስዎም ቤት ገበታው ይዘረጋል። እንግዳ ካለ ጉርሻው አይቀርም፤ አይቅርም። ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት ግን አንዲት ትንሽ ሣህን ከጓዳ ትውጣና የትንሹ ድርሻ ይለይ። ከዚያ በኋላ “ልጁስ በላ?” ለሚል ሁሉ መልሱ “ሣህኑን እዩት” ይሆናል።